አንዳንድ ጠዋት አይነሳም፣ ሲነሳም ድምፅ የለውም (ሁለት ጊዜ ፎርማት ተደርጓል)

#1 ንጋት፣ ሰኞ

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ይረዝማልና ታገሱኝ። ነገሩ ስድስተኛ ወሩን ያዘ፣ እኔም ተሰላችቻለሁ።

የቤት ዴስክቶፕ ነው። ዕድሜው ከ10 ዓመት ያልፋል። ሁለት ዲስክ አለው። ዊንዶውስ 10 ያለው በኤስኤስዲው (በፈጣኑ ዲስክ) ላይ ነው፣ ፎቶና ሰነዶቼ ደግሞ አሮጌው ሀርድ ዲስክ ላይ ናቸው። ቀስ ይላል እንጂ ለሥራዬ ይበቃኛል።

አንዳንድ ጠዋት ሳበራው ፋኑ ይዞራል፣ የማዘርቦርዱ አርማ ይመጣል፣ በመጨረሻ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ጽፎ ይቆማል። «ሪቡት ኤንድ ሴሌክት ፕሮፐር ቡት ዲቫይስ» ነው የሚለው። ታግዬ ካስነሳሁት በኋላ ደግሞ ድምፅ የለም። ጆሮ ማዳመጫዬን የምሰካው ከፊት በኩል ባለው ቀዳዳ ነው። ብሰካው ብነቅለው ዊንዶውስ ምንም እንዳልተሰካ ነው የሚቆጥረው። እሱንም ታግዬ አስተካክላለሁ። አንድ ሁለት ቀን ሁሉም ሰላም ይሆናል። ከዚያ እንደገና ያው።

ለባለሙያ ሁለት ጊዜ ወስጄዋለሁ። የመጀመሪያው ፎርማት አደረገው፣ ሳምንት ሳይሞላው ተመለሰ። ሁለተኛው ደግሞ ፎርማት አድርጎ አራት ቀን እሱ ጋ አቆየው። አንድም ቀን አልታመመም። «ምንም የለውም» ብሎ ሰጠኝ። ቤት ከገባ በሦስተኛው ጠዋት ያው ጥቁር ስክሪን።

ጥያቄዬ፦ መነሳቱና ድምፁ ሁለት የተለያዩ ብልሽቶች ናቸው ወይስ አንድ? ማዘርቦርዱ እየሞተ ነው ያለኝ ሰው አለ። አዲስ ከመግዛቴ በፊት እናንተን ልስማ ብዬ ነው።

#2 ፍጥነት፣ ሰኞ

እህቴ፣ እኔ ዲስኩን ነው የምጠረጥረው። ያ ጽሑፍ «የማስነሳበት ዲስክ አጣሁ» ማለት ነው። ኤስኤስዲ ሲያረጅ አንዳንዴ ይታያል አንዳንዴ ይጠፋል። ከሁሉ በፊት ፎቶዎችሽን ዛሬውኑ ሌላ ቦታ ገልብጪ። ቀጥሎ የዲስክ ጤና የሚያነብ ፕሮግራም ጭነሽ «ስማርት» የሚባለውን ሪፖርት እይ። ድምፁ የድራይቨር (ዊንዶውስ ከድምፅ ቺፑ ጋር የሚነጋገርበት ፕሮግራም) ነው የሚመስለኝ። የሪልቴኩን (የቺፑ አምራች ነው) ድራይቨር አጥፍተሽ እንደ አዲስ ጫኚው።

#3 ሽቦው፣ ሰኞ

የሚያመው ጠዋት ጠዋት ከሆነ ፓወር ሰፕላዩም (ከሶኬት ኃይል ተቀብሎ ለማሽኑ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ይጠረጠራል። በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚይዙ ትንንሽ ክፍሎች) ሲያረጁ፣ ማሽኑ ቀዝቅዞ ሲያድር ለመነሳት ይቸገራል። ሞቅ ሲል ይሠራል። ኬዙን ከፍተሽ ማዘርቦርዱ ላይ አናታቸው ያበጠ ካፓሲተሮች ካሉ እይ። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ግን በፍጹም እንዳትከፍቺው። ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ አደገኛ ኤሌክትሪክ ይቀራል።

#4 ንጋት፣ ማክሰኞ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ፎቶዎቹን ገልብጫለሁ። የሁለቱም ዲስኮች ሪፖርት «ጤናማ» ይላል። የኤስኤስዲውን ገመድ በአዲስ ቀየርኩት፣ ለውጥ የለም። የድምፁን ድራይቨር ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ጭኛለሁ፣ እሱም ለውጥ የለውም። ኬዙን ከፍቼ አየሁ፣ ያበጠ ነገር አላገኘሁም። አቧራውን ግን ጠራርጌዋለሁ።

አንድ የገረመኝ ነገር አለ። ድምፁ በጠፋ ቀን ጆሮ ማዳመጫውን ከኋላ በኩል አረንጓዴው ቀዳዳ ላይ ብሰካው ይሠራል። የማይሠራው የፊቱ ብቻ ነው።

#5 ካቻቢቴ፣ ማክሰኞ

ንጋት፣ የኋላው መሥራቱን መንገርሽ በጣም ጠቃሚ ነው። የድምፅ ቺፑ ደህና ነው ማለት ነው፣ ድራይቨሩም ደህና ነው። ፋኑ ከዞረ፣ አርማው ከመጣ፣ ጽሑፍም ከጻፈ ደግሞ ኃይል አለ። ስለዚህ ፓወር ሰፕላዩን ለጊዜው እንተወው። ዲስኮቹም ጤነኛ ናቸው ብለሻል።

እስካሁን ሁላችንም «ምን ይሆናል» ብለን ነው የጠየቅነው። እኔ «መቼ ይሆናል» ብዬ ልጠይቅሽ።

አንደኛ፣ ሁለት ጊዜ «ታግዬ» ብለሻል። ስትታገዪ ምን ምን ታደርጊያለሽ? ቀላል ቢመስልሽም አንድም ሳታስቀሪ ጻፊልን።

ሁለተኛ፣ በሚያመው ጠዋት ብቻ የሚታይ ሌላ ትንሽ ነገር አለ? ከብልሽቱ ጋር የሚገናኝ ባይመስልሽም ጻፊው።

ሦስተኛ፣ ማታ ስታጠፊው እንዴት ነው የምታጠፊው?

#6 ንጋት፣ ረቡዕ

እሺ፣ አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

ሳበራው ከአርማው በኋላ አንዳንዴ «ኤፍ1 ወይም ኤፍ2 ተጫኚ» የሚል ገጽ ይመጣል። ኤፍ2 «ይቀጥል» ስለሚል እሱን እጫናለሁ። ከላይ ያለውን መስመር አንብቤው አላውቅም ነበር። ዛሬ ሲመጣ ቀዳሁት፦ «ሲሞስ ዴት ታይም ኖት ሴት»፣ ቀንና ሰዓት አልተሞላም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ነው ጥቁሩ ስክሪን የሚመጣው።

ያኔ ሁለተኛው ባለሙያ የጻፈልኝን ወረቀት አወጣለሁ። «ዴል» የሚለውን ቁልፍ እየተጫንኩ አበራና ሰማያዊው ገጽ ውስጥ እገባለሁ። በወረቀቱ መሠረት ኤስኤስዲውን ከላይ አስቀምጣለሁ። ከዚያ «ፍሮንት ፓነል» የሚለው ጋ ሄጄ ከ«ኤች ዲ» ወደ «ኤ ሲ 97» እቀይረዋለሁ። ኤፍ10 ተጭኜ አስቀምጣለሁ። ያኔ ይነሳል፣ ድምፁም ይመጣል። ሰው እየጠበቀኝ ሲቸኩለኝ ግን ኤፍ8 ብቻ ተጭኜ ኤስኤስዲውን እመርጣለሁ። ድምፅ የማይኖረው በእነዚያ ቀናት ነው።

ሌላ ትንሽ ነገር ላልከው፣ ኢንተርኔቱም በዚያ ጠዋት ያስቸግራል። ድረ ገጾች «ግንኙነትዎ አስተማማኝ አይደለም» እያሉ አይከፈቱም። ሰዓቱን ስመለከት ቀኑ ወደ 2009 ጃንዋሪ 1 ተመልሶ አገኘዋለሁ። አስተካክለውና ይከፈታሉ። ከዊንዶውሱ መስሎኝ ነበር።

ማታ ዊንዶውሱን በደንብ አጠፋዋለሁ። ከዚያ የኤክስቴንሽኑን ማጥፊያ እጫናለሁ። ትንሽ ልጅ አለኝ፣ ገመድ ይነካል ብዬ ነው። አንዳንድ ማታ እረሳዋለሁ።

#7 ካቻቢቴ፣ ረቡዕ

ንጋት፣ ሁሉንም መልስ አንቺው ጽፈሽዋል። ብልሽቱ አንድ ነው። የሚድነውም በአንዲት ትንሽ ባትሪ ነው።

ማዘርቦርዱ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባትሪ አለች። ሲአር2032 ትባላለች። ቁጥሩ መጠኗ ነው፤ ስፋቷ 20 ሚሊሜትር፣ ውፍረቷ 3.2 ሚሊሜትር። 3 ቮልት ናት። ሥራዋ ኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ በማያገኝበት ጊዜ ሰዓቱንና የባዮሱን ሴቲንግ ይዞ ማቆየት ነው። ባዮስ ማለት በዚያ ሰማያዊ ገጽ የምታስተካክዪው፣ ከዊንዶውስ በፊት ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም ነው። አዲስ ስትሆን ከ3 ቮልት ትንሽ ከፍ ትላለች። እያረጀች ስትወርድ ሰዓቱ ይጠፋል፣ በእንዳንቺ ያሉ የቆዩ ቦርዶች ላይ ሴቲንጉም አብሮ ይጠፋል።

አሁን የራስሽን ታሪክ በዚህ ዓይን እዪው። ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ከሶኬት ጋር እስከተያያዘ ድረስ ፓወር ሰፕላዩ ለማዘርቦርዱ ትንሽ ኃይል ይሰጠዋል። ባትሪዋ ብትደክምም አይታወቅም። ኤክስቴንሽኑን ስታጠፊ ግን ሸክሙ ሁሉ በእሷ ላይ ይወድቃል። ጥቂት ሰዓት ትይዝ ይሆናል፣ ሌሊቱን ግን አትዘልቅም። የረሳሽበት ማታ በነጋታው ሰላም ነው። ያልረሳሽበት ማታ በነጋታው ጣጣ ነው። ባለሙያውም አልዋሸሽም። እሱ ጋ አራት ቀን ሙሉ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ስለቆየ በእርግጥም አልታመመም።

ሴቲንጉ ሲጠፋ ባዮሱ ፋብሪካ ወደሰጠው ይመለሳል። ኤፍ2 ስትጫኚ «የፋብሪካውን ይዘህ ቀጥል» እያልሽው ነው። የፋብሪካው ሴቲንግ የትኛው ዲስክ ላይ ዊንዶውስ እንዳለ አያውቅም። አሮጌውን ሀርድ ዲስክ ቀድሞ ይሞክራል። እዚያ ላይ ፎቶ እንጂ ዊንዶውስ የለም። ጥቁሩ ስክሪን ከዚያ ነው።

ድምፁም እንደዚያው ነው። «ኤ ሲ 97» በ1997 የወጣ የድምፅ ደረጃ ነው። በ2004 በ«ኤች ዲ ኦዲዮ» ተተካ። አዲሱ ፊት ላይ የሆነ ነገር መሰካቱን የሚናገሩ ተጨማሪ መስመሮች አሉት። ያንቺ ኬዝ የፊት ገመዱ የድሮው ዓይነት ይመስላል፣ እነዚያ መስመሮች የሉትም። ባዮሱ ወደ ኤች ዲ ሲመለስ ቺፑ ምልክቱን ይጠብቃል፣ ምልክቱ አይመጣም፣ ስለዚህ «ምንም አልተሰካም» ይላል። ድራይቨሩን መቶ ጊዜ ብትጭኚ ይህን አይነካውም። ፎርማትም አይነካውም፤ ፎርማት የሚያጠፋው ዲስክ ላይ ያለውን ነው፣ ባዮሱ ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ነው።

ድረ ገጾቹ ያልተከፈቱት ቀኑ 2009 ስለሆነ ነው። የድረ ገጽ የደህንነት ሰርተፊኬት ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ተብሎ ነው የሚሰጠው። ሰዓትሽ ወደ ኋላ ሲሄድ ሰርተፊኬቱ ገና ያልተሰጠ ይሆንበታል።

ባትሪ ከመግዛትሽ በፊት ግን እናረጋግጥ። ነገ ወረቀቱን ተከትለሽ አስተካክይው። ከዚያ አራት ማታ ኤክስቴንሽኑን አታጥፊ፣ ገመዱን ልጁ በማይደርስበት አድርጊው። በአምስተኛው ማታ አጥፊው። ውጤቱን ንገሪን።

#8 ፍጥነት፣ ረቡዕ

ተሳስቼ ነበር። ዲስክ ግዢ ልላት ምንም አልቀረኝም ነበር። ካቻቢቴ፣ እናመሰግናለን።

#9 ዝምታ፣ ሐሙስ

ይቅርታ፣ የእኔም ከዚህ ጋር ይቀራረባል ብዬ ነው። ላፕቶፕ ነው፣ ዊንዶውስ 11። አጥፍቼ ሳበራው ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም። ሪስታርት ሳደርገው ግን ይመጣል። ሰዓቱ ትክክል ነው። የእኔም ባትሪ ይሆን?

#10 ሽቦው፣ ሐሙስ

ዝምታ፣ የአንተ ሌላ ነው። ማጥፋትና ሪስታርት አንድ አይደሉም። ከ2012 ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባል ነገር አለ። ስታጠፋው ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የዋናውን ክፍልና የድራይቨሮችን ሁኔታ ዲስክ ላይ ያስቀምጥና ስታበራው እሱኑ መልሶ ያነሳል። ድራይቨሩ ተዛብቶ ከነበረ ከነመዛባቱ ይመለሳል። ሪስታርት ግን ሁሉንም ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ለዚህ ነው ድምፁ የሚመጣው።

ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፓወር ኦፕሽንስ ግባ። በግራ በኩል የማብሪያ ቁልፉ ምን እንደሚሠራ የምትመርጥበት ሊንክ አለ። ከላይ ያለውን «አሁን የማይቀየሩትን ቀይር» የሚል ሊንክ ስትጫን ከታች ያሉት ይከፈታሉ። ፋስት ስታርትአፕ ላይ ያለውን ምልክት አንሳና አስቀምጥ። አነሳሱ ጥቂት ሰከንድ ይዘገያል፣ ያ ብቻ ነው ጉዳቱ። ከዚያ ከላፕቶፕህ አምራች ገጽ ላይ አዲስ የድምፅ ድራይቨር ካለ ጫን።

#11 ቀለም፣ ሐሙስ

ለሌሎችም ይጠቅም እንደሆነ ልጨምር። የእኔ ድምፅ የጠፋው ሞኒተር ከቀየርኩ በኋላ ነበር። ኤችዲኤምአይ ገመድ ምስልም ድምፅም ስለሚያሳልፍ ዊንዶውሱ ድምፁን ወደ ሞኒተሩ ልኮት ነበር። ሞኒተሩ ስፒከር የለውም። ሰዓቱ አጠገብ ያለውን የስፒከር ምልክት ተጭኜ ትክክለኛውን ስመርጥ መጣ። ድራይቨር ከመንካታችሁ በፊት እዚያ እዩ።

#12 ዝምታ፣ ዓርብ

ሽቦው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ምልክቱን አነሳሁ። ትናንት ማታና ዛሬ አጥፍቼ አበራሁት፣ ሁለቱንም ጊዜ ድምፅ አለ።

#13 ንጋት፣ ማክሰኞ

ካቻቢቴ እንዳልከው አደረግኩ። አራት ማታ ሳላጠፋው ቆየሁ። አራቱንም ጠዋት አንዴ ተጭኜው ተነሳ። ድምፅ አለ፣ ቀኑም ትክክል ነው። ትናንት ማታ ኤክስቴንሽኑን አጠፋሁ። ዛሬ ጠዋት ያው የኤፍ1 እና የኤፍ2 ገጽ መጣ፣ ቀኑም 2009።

እንዲህ ደስ ብሎኝ ጥቁሩን ስክሪን አይቼው አላውቅም። ባትሪዋን ራሴ ልቀይራት እችላለሁ? እጄ ለእንዲህ ያለ ሥራ አዲስ ነው። ኬዙን መክፈት ብቻ ነው የማውቀው።

#14 ካቻቢቴ፣ ማክሰኞ

በደንብ ትችያለሽ። የሚያስፈልግሽ ካቻቢቴና ትንሽ ትዕግሥት ነው።

መጀመሪያ የባዮሱን ገጾች በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ቢትሎከር የሚባለውን የዲስክ መቆለፊያ የምትጠቀሚ ከሆነ የመክፈቻ ቁጥሩን ቀድመሽ በወረቀት ጻፊ። ባዮስ ሲቀየር አንዳንዴ ይጠይቃል።

ከዚያ ኮምፒውተሩን አጥፊና ገመዱን ከሶኬት ንቀዪ። ገመዱ ከተነቀለ በኋላ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጭነሽ ያዢው፤ የቀረው ኃይል ይወጣል። ኬዙን ክፈቺና ያልተቀባ የብረት ክፍሉን በእጅሽ ንኪ። እጅሽ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ቦርዱን እንዳይጎዳ ነው።

ባትሪዋን ወዲያው ታያታለሽ። ጎኗ ላይ ትንሽ የብረት መያዣ አለ። መያዣውን በጥፍርሽ ወደ ውጭ ገፋ ስታደርጊው ባትሪዋ ራሷ ብድግ ትላለች። ካቻቢቴውን ከሥሯ አታስገቢ፣ ቦርዱን ይጭረዋል። አዲሷን ስታስገቢ የመደመር ምልክትና ጽሑፍ ያለበት ፊት ወደ ላይ ይሁን። «ቀጭ» ካለች ገብታለች።

ስታበሪው አንድ የመጨረሻ ጊዜ ኤፍ1 ይጠይቅሻል። አሁን ኤፍ2 አትጫኚ፣ ኤፍ1 ተጭነሽ ግቢ። ቀንና ሰዓት ሙዪ። የዲስኩን ቅደም ተከተል አስተካክይ። በእንዲህ ያሉ ባዮሶች ሁለት ቦታ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ የሀርድ ዲስኮቹ ተራ ነው፣ ሌላው ከዲስክ፣ ከሲዲና ከፍላሽ የቱ ይቅደም የሚለው። ሁለቱንም እይ። ፍሮንት ፓነሉን ኤ ሲ 97 አድርጊ። ሌላውን ምንም አትንኪ። በተለይ የሳታ ሞድ የሚለውን (ቦርዱ ከዲስኮቹ ጋር የሚነጋገርበትን መንገድ) እንዳትነኪ። እሱ ዊንዶውስ ከተጫነበት የተለየ ሲሆን በሰማያዊ ስክሪን ይወድቃል። በዚህ ባትሪ ምክንያት እሱ የተቀየረባቸው ሰዎች ሥቃያቸው ካንቺ ይብሳል።

የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጥብኛል። ልጅ አለኝ ብለሻል። አሮጌዋን ባትሪ ጠረጴዛ ላይ አትተያት። ኮምፒውተር ማገልገል ባትችልም ልጅ ከዋጣት ጉሮሮ ውስጥ በሁለት ሰዓት ጊዜ ከባድ ቃጠሎ ልታደርስ ትችላለች። ሁለቱን ፊቷን በፕላስተር ጠቅልለሽ ልጁ በማይደርስበት አስቀምጪ። አዲሶቹንም ከነማሸጊያቸው ራቅ አድርጊያቸው። በአጋጣሚ ዋጠ ብለሽ ከጠረጠርሽ ምልክት እስኪታይ አትጠብቂ፣ ወዲያው ሐኪም ቤት ነው።

#15 ንጋት፣ ሐሙስ

ቀየርኳት! ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ፣ አብዛኛው ብሎኑን መፍታት ነበር። ሽቦው፣ ስለ ባትሪዋ አንድ ነገር ላንተም ልንገርህ። ጎረቤቴ ቴስተር ነበረው፣ አሮጌዋን ለካት። 2.3 ቮልት ነው ያነበበው።

የዲስኩ ቅደም ተከተል እንዳላችሁት ሁለት ቦታ ነበር። የመጀመሪያውን ብቻ ቀይሬ ያው ጥቁር ስክሪን መጣ፣ ደነገጥኩ። ሁለተኛውን ሳስተካክል ተነሳ። አሮጌዋን ጠቅልዬ ቁም ሣጥን አናት ላይ አስቀምጫታለሁ።

#16 ሽቦው፣ ሐሙስ

2.3 በጣም ወርዳለች። ወደ 2.5 አካባቢ ስትደርስ ነው መቀየር የነበረባት። ጎበዝ!

#17 አዲስ ገቢ፣ ቅዳሜ

ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የእኔም ኬዝ ፊቱ ዝም ይላል፣ ግን ሰዓቱ አይጠፋም፣ መነሳቱም ደህና ነው። ባዮሴ ውስጥ ደግሞ «ፍሮንት ፓነል» የሚል ነገር የለም። ምን ላድርግ?

#18 ካቻቢቴ፣ ቅዳሜ

ባዮሱ ምርጫውን ካልሰጠህ የሪልቴክን የድምፅ ማስተካከያ ክፈት። በብዙዎቹ ላይ የፊቱን ቀዳዳ መለየት የሚያጠፋ ምርጫ አለ። እሱን ስታበራ የተሰካ ይኑር አይኑር ሳይጠይቅ ድምፁን ወደ ፊት ይልካል። ከዚያ በፊት ግን ኬዙን ክፈትና ከፊት የሚመጣው ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ መሰካቱን እይ። ገመዱ ሁለት ጫፍ ካለው አንዱ ላይ ኤች ዲ ኦዲዮ፣ አንዱ ላይ ኤ ሲ 97 ተብሎ ይጻፋል። የኤች ዲውን ሰካ። ሁለቱንም አትሰካ።

#19 አዲስ ገቢ፣ እሑድ

የተሰካው ኤ ሲ 97 የሚለው ነበር! ቀየርኩት፣ መጣ።

#20 ንጋት፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ

መጨረሻውን ልንገራችሁ ብዬ ነው የተመለስኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ኤክስቴንሽኑን በየማታው አጥፍቼዋለሁ። አንድ ጊዜ እንዲያውም ለአራት ቀን ከቤት ስንወጣ ገመዱን ነቅዬ ነው የሄድኩት። ስመለስ አንዴ ተጭኜው ተነሳ። ቀኑ ትክክል፣ ሰዓቱ ትክክል። ወረቀቱን አሁንም አልጣልኩትም፣ ኬዙ ውስጥ ጎኑ ላይ ለጥፌዋለሁ። ባትሪዋን የቀየርኩበትን ቀንም ከሥሩ ጽፌበታለሁ፤ ከዓመታት በኋላ የሚከፍተው ሰው እንዲያገኘው።

ይህን የምጽፍላችሁ ጆሮ ማዳመጫዬን ከፊት ሰክቼ ነው።